ጫፉ የጠፋው ኪታብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ራዊያ የራሷን ድግስ የሰማችው ከባጃጅ ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታ፣ ደሴ አድራ፣ ቆቦ መናኸሪያ ወርዳ ሻንጣዋን ስትጭን ልጁ በመስታወት አየት አደረጋትና «የመንሱር ልጅ አይደለሽም እንዴ? የኸትሙ ባለቤት» አላት።

«የምን ኸትም?»

«ያንቺው ነዋ። የዩናኑን፣ የግሪኩን ኪታብ ጨርሰሽ የለም እንዴ? ሰንጋውን እኮ አየነው። ወላሂ፣ ሰንጋስ ይሄ ነው።»

ራዊያ «ንዳው በቃ» ብላ ገባች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ የሚያውቅ ይታገሠኝ። በእኛ በወሎ አንድ ደረሳ፣ የሸኽ ተማሪ ማለት ነው፣ ኪታብ ሲቀራ ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ፣ አንዷንም ሳይዘል፣ እያነበበና እየፈታ ነው። እዚህ ገጽ ከበደኝ፣ ያችኛዋን ልለፋት፣ ብሎ ነገር የለም። የመጨረሻዋን ቃል ሲፈታ ኪታቡን አኸተመ ይባላል፤ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ጎረቤት ይበላል። ግማሽ ድረስ የሄደ ሰው «ኪታቡን ቀርቻለሁ» አይልም። «ጀምሬ ነበር» ነው የሚለው፤ እሱንም አንገቱን ደፍቶ።

አንገታቸውን ደፍተው «ጀምሬ ነበር» ከሚሉት አንዱ ደግሞ የራዊያ አባት መንሱር ነው። ዛሬ አስፋልቱ ዳር ትልቅ መጋዘን ያለው እህል ነጋዴ ነው። በልጅነቱ ግን ሸኽ ታሂር ዘንድ የዐረብኛ ሰዋስው፣ ነህው የሚባለውን፣ የሚቀራ ደረሳ ነበር። ኪታቡ መሀል ላይ ሳለ አባቱ ሞቱበት፤ እናቱና እኅቶቹ እጁን ማየት ጀመሩ። ኪታቡን አጠፈና ማሽላ መነገድ ገባ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስለዚያ ኪታብ ሲነሣ ወሬ ይቀይራል። ወሬ መቀየር ደግሞ ለመንሱር ቀላል አይደለም፤ ሲቆጣ ድምፁ አስፋልት ይሻገራል፣ ሲደሰት ይብሳል።

ልጁ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ስትደውልለት እንዲያ ነው የጮኸው። ውጤቷ ለፋርማሲ በቂ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ክፍል ተሳስታ ገብታ፣ መምህሩ የማታውቀውን ነገር በዜማ ሲያነብ ሰማችና አፍራ መውጣት ሲገባት ተቀመጠች። ሲያበቃ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። የጥንት ግሪኮች ግጥም ነው አላት። በቃ፣ ሰውን የሚይዘው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ለፋርማሲ የተቀመጠው ልቧ ሄደ።

«ፋርማሲ እያለ ግሪክ?» አለ መንሱር በስልክ። «ይሄን ቋንቋ ዛሬ የሚናገረው ሰው አለ?»

«እንዲህ አድርጎ የሚናገረው የለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?»

ከተማው ለሁሉም መልስ አለው፤ ያን ሰሞን ቆቦ ውስጥ የመንሱር ልጅ በግሪክ በኩል አውሮፓ ልትገባ ነው ተባለ፤ ደላላው ማን እንደሆነ እናቷን የጠየቁም ነበሩ። ራዊያ ግን ተስፋ ሳትቆርጥ አባቷን ታስረዳው ገባች። የቃሉ ጫፍ ይለዋወጣል አለችው። ማን መታ፣ ማን ተመታ፣ የሚታወቀው በቃሉ ቦታ ሳይሆን በመጨረሻው ነው አለችው።

«ፋዒሉና መፍዑሉ በመጨረሻው ይለያል ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«እንደ ዐረብኛው?»

«እንደ ዐረብኛው።»

መንሱር ድምፁ ወረደ። «ይሄማ ነህው ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ለእሷ ነው የተናገረው። «እንግዲያው ስሚኝ። ሁለት ዓመት ሰጥቼሻለሁ። አንድ ኪታብ ታኸትሚያለሽ፤ ከቢስሚላህ እስከ መጨረሻው ቃል። ካኸተምሽ መንገዱ ያንቺ ነው፣ አፌን አልከፍትም። ካላኸተምሽ ደሴ ወርደሽ ፋርማሲ ትማሪያለሽ፣ አንቺም አፍሽን አትከፍቺም።»

«እሺ አባዬ» አለች፤ እንዲያውም ሳቀች። ኪታብ መጨረስ ምን ያስቸግራል ብላ።

ያስቸግራል እንጂ። ዩኒቨርሲቲ ኪታብ አይጨርስም። ከዚህ አንድ ክፍል፣ ከዚያ አንድ ክፍል፣ ቀማምሶ ፈተና ይፈትናል። የያዙት ግጥም ዐሥራ ሁለት ክፍል ነበረው። የደረሰው ሰው ስሙ እንኳ አይታወቅም። የሚያወራው አንድ ወንዝ ስለሚጠጡ፣ በዚያው ወንዝ ስለተጋደሉ ሁለት ከተሞች ነው። በትምህርቱ የሚነበቡት ሁለተኛውና አምስተኛው ብቻ ናቸው። ራዊያ ወደ መምህሯ ወደ ይድነቃቸው ቢሮ ሄዳ ሙሉውን እንቅራ አለችው። ይድነቃቸው ብዙ ዓመት ግሪክ አገር የተማረ፣ ጸጉሩ ሳይሸብት የከዳው፣ ሲያስብ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀ።

«ሙሉውን? ለምን?»

«አባቴ ስላለ።»

ሳቀባት። ነገር ግን ሳቁ ሳያበቃ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደጎተተ አይታወቅም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቀራሉ፣ ቅዳሜ ይቀራሉ፤ ሁለተኛው ክረምት ሲመጣ እሷ አዲስ አበባ ዘመዶቿ ቤት ሰንብታ ይቀራሉ። አንድ ቃል አልፈታ ሲል ሁለቱም ምሳ ይረሳሉ። ነሐሴ ላይ ዐሥራ አንደኛውን ሲጨርሱ ደስታው አላስችል ብሏት ለአባቷ ደወለች፤ «አባዬ፣ አንድ ክፍል ብቻ ቀረኝ፣ ሊያልቅ ነው።» መንሱር አልሐምዱሊላህ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሰንጋውን የገዛው በዚያ ሳምንት ነው።

በማግስቱ ይድነቃቸው ዐሥራ ሁለተኛውን እየከፈተ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «ይቺ እንኳ አጭር ናት፣ መጨረሻዋ ጠፍቷል» አላት።

«ምን ማለት ነው ጠፍቷል?»

«የቀረው አንድ ጥንታዊ ቅጂ ነው፤ የመጨረሻ ቅጠሎቹ የሉም። አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገራትም። እሱ የለመደው ነገር ነው፤ የግሪክ መጽሐፍ ግማሹ ጫፍ የለው፣ ግማሹ ጅማሬ የለው። ራዊያ ግን መጽሐፉን ገልብጣ የመጨረሻውን ገጽ አየች። ያለውን ሁሉ፣ እስከ ተቆረጠባት ቃል ድረስ ቀራች። ብትቀራውም መጨረስ አልሆነላትም፤ የመጨረሻው ቃል በዓለም ላይ የለማ።

እንግዲህ በባጃጅ ቤቷ የደረሰችው ይሄን በሆዷ ይዛ ነው።

መንሱር በሩ ላይ ተቀበላትና ሻንጣዋን ሳያስገባ ወደ ጓሮ ወሰዳት። ሰንጋው ድርቆሽ ያመነዥካል። «ከዋጃ ነው ያመጣሁት» አላት። «ጎብዬም፣ ሮቢትም፣ ያልጠራሁት የለም። ሸኽ ታሂር ራሳቸው ይገኛሉ። መምህርሽንም ደውዬ ጠርቻለሁ፤ ሸኹ ያልተገኘበት ኸትም አለ እንዴ? ክርስቲያን ስለሆነ ጎረቤታችን አያሌው ለእሱና ለክርስቲያኖቹ እንግዶች በግ ያርዳል፣ ተነጋግረናል። አንቺ ምንም አታስቢ።»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ...»

«ብይ መጀመሪያ፣ ከስተሻል» ብሎ ሄደ።

እናቷ ሰይዳ ግን የልጇን ፊት ታነባለች። ነጭ ሽንኩርት እየላጡ አወጣጣቻት። ራዊያ ስትጨርስ ሰይዳ የያዘችውን ሽንኩርት ልጣ አስቀመጠች።

«እና ሰንጋው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማ።»

«ከቢላው በፊት ንገሪው። ከቢላው በኋላ ሥጋ ነው የሚሆነው።»

ራዊያ መጋዘን ድረስ ሄደች። መንሱር ለጫኞቹ፣ ማሽላ ሊሸጡ ለመጡት ገበሬዎች፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ስለ ኸትሙ ያወራል። «እኔ ጀምሬ ነበር» ሲል ሰማችው፤ ወሬ ሳይቀይር፣ አንገቱን ሳይደፋ። «ልጄ ግን አኸተመች።» ሃያ ዓመት ሙሉ አባቷን እንደዚህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እግሯ መለሳት። ይሄን ሰው ማን ደፍሮ ያስቆመዋል?

ሰይጣን የሚመጣው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው፤ ደግሞ ቆንጆ ሐሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። ጫፉን እኔ ብጨምርበትስ? ቆቦ ውስጥ ግሪክኛ የሚያውቅ ማን አለ? የታችኛው ከተማ ሽማግሌ ተነሥቶ መናገር ሲጀምር ነው መጽሐፉ የሚቆረጠው። ይናገራላ። ይቅር ይባባላሉ፣ ውሃውን ይካፈላሉ፣ ሁለቱ ከተሞች አብረው ይበላሉ። ራዊያ ሽንኩርቱን ልጣ ሳትጨርስ ስምንት ስንኝ በግሪክኛ ገጠመች። አላህ ይይላት፣ ስንኙም አልከፋም ነበር።

ይድነቃቸው የመጣው በድግሱ ጠዋት ነው፤ መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ስለነበር ሚኒባሱ አልቆየበትም። ድንኳኑ ጀርባ ለብቻው ያዘችውና ስለ ስምንቱ ስንኝ ነገረችው። መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ዝም እልልሻለሁ» አላት። «ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን መጽሐፍ ስንት መቶ ዓመት ሰው ሲገለብጠው ኖሯል። ተቆርጦ ያገኘው ሁሉ እንደ ተቆረጠ ነው ያስተላለፈው። አንዱም ከኪሱ አልጨመረበትም።»

«ሰንጋ አልታሰረባቸውማ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ አልታሰረባቸውም» አለ ይድነቃቸው።

ድንኳኑ ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ሸኽ ታሂር መሀል ላይ ባለው ትራስ። ዕድሜ ዐይናቸውን አድክሞታል፤ ጆሯቸው ግን ሹክሹክታ አያመልጠውም። ልማዳቸው የታወቀ ነው። የመጨረሻው ቃል እፊታቸው ሳይፈታ ቢላ አይመዘዝም።

«የመጨረሻውን ክፍል አንብቢ» አሏት። «አንድ ስንኝ በዩናንኛው፣ ከዚያ ፍቺውን። እኛም እንስማው።»

ራዊያ መጽሐፉን ከፍታ ጀመረች። ግሪክኛውን ስታነብ ድንኳኑ እንደ ዚክር ዜማ አዳመጣት፤ ስትፈታው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሁለቱ ከተሞች በጦርነት አልቀዋል፣ ደክመዋል አለች። ወንዙ ጎድሏል። ሽማግሌዎቹ ደረቁ አሸዋ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ላይኛዎቹ በላይ በኩል፣ ታችኛዎቹ በታች።

«ቆይ» አለ ፈሪድ፣ የሮቢቱ ገበሬ። «ወንዙ የምንጭ ነው ወይስ የጎርፍ?»

«ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ነው።»

«እንደኛ ጎሊና በይው እንጂ። ቦዩን የጠለፉት ላይኛዎቹ ናቸው?»

«አዎ። ክረምት ላይ ጠልፈው አስቀሩት።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። ራያ ላይ ጎርፍ የሚጠልፍ ገበሬ ሁሉ ይሄን ጠብ ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ማሳው ጠግቦ ሲፈስ፣ ከታች ያለው ማሽላ ቆሞ ሲደርቅ። ከዋጃ የመጡት አዛውንት «የውሃ አባት፣ ተራ የሚያወጣ ዳኛ፣ የላቸውም ነበር?» ብለው ጠየቁ። ራዊያ በመጽሐፉ ውስጥ አልተጠቀሰም አለች። «እንዲያ ነዋ የተላለቁት» አሉ፣ ነገሩ ገብቷቸው።

ንባቡ ቀጠለ። የላይኛው ከተማ ሽማግሌ ተናገረ፣ ተራራው ሥር ቀድመን የሰፈርነው እኛ ነን አለ። አንዳንዱ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ የታችኛው ሽማግሌ ተነሣ። ሁለት ልጆቹ በጦርነቱ ሞተዋል። በትሩን ተደግፎ የደረቀውን ወንዝ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እንዲህም አለ፦ «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ውሃ...»

ራዊያ እዚህ ቆመች።

ሸኽ ታሂር እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት አዘነበሉ። መንሱር በደስታ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ስምንቱ ስንኝ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ አፏንም ከፈተች። ግን ሸኹን አየቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከሰው አፍ የሚሰሙትን ቃል በአደራ ሲቀበሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሊቀበሏት ተዘጋጅተዋል። ለእኒህ ሰው ከኪሷ አውጥታ ልትሰጣቸው አልሆነላትም።

«እዚህ ላይ ተቆርጧል» አለች።

«ምኑ?»

«ኪታቡ። ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቷል። የትም የለም። ሽማግሌው ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም።» ወደ አባቷ ዞረች፤ እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ አላኸተምኩም። ከመጣሁ ጀምሮ ልነግርህ ነበር፣ ፈራሁ።»

መንሱር የግንባሩን ላብ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከኋላ አንዱ «ገጹ ተቀዶ ይሆናል፣ ሌላ መጽሐፍ ይታይ» አለ። ይድነቃቸው ተነሥቶ፣ የቀረው አንድ ቅጂ እንደሆነ፣ የታተሙት ሁሉ ከእሱ እንደተወሰዱ፣ ሁሉም እዚያች ቃል ላይ እንደሚቆሙ አስረዳ።

ሸኽ ታሂር ወደ ድምፁ ዞሩ። «ልጄ፣ እነዚህ ዩናኖች ደረሳ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው፣ ሸኽዬ።»

«ታዲያ በልቡ የያዘው አንድም ሰው አልነበረም? እኛ እንኳ በቀደሙት ዓመታት ጦርነት ሲመጣብን ኪታቦቹን የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርናቸው። ምስጥ የበላቸውን ደግሞ ከልባችን አውጥተን ጻፍናቸው።»

«በልብ የያዙት ሞቱ። ከእነሱ በኋላ የያዘው አልተገኘም።»

ሸኽ ታሂር «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ሰው ሲሞት የሚባለውን ነው ያሉት፤ ድንኳኑም ተከትሏቸው አለ። ለአንድ ግሪክ ግጥም ቆቦ ላይ ለቅሶ ተቀመጠ ብል የሚያምነኝ የለም፣ ግን እንዲያ ነበር።

ለቅሶው ረጅም አልሆነም፤ ፈሪድ አላስቻለውም። «ምን እንዳለማ ይታወቃል» አለ። «ሌሊቱ ለኛ ይሁን፣ ቀኑ ለናንተ ነው ያለው። ሌላ ምን ይላል?»

«ልጆቹ የሞቱበት ሰው ስለ ተራ አያወራም» አሉ የዋጃው አዛውንት። «ውሃው ለማናችንም አይበጅም፣ አፍርሱት ነው ያለው።»

«ቦዩን አፍርሶ ማሽላውን በምን ሊያበቅል ነው?»

ሴቶቹም ገቡበት። ሰይዳ ከዚያ ማዶ «መጀመሪያ የልጆቹን ደም ነው የሚጠይቀው፣ አባት አይደለም እንዴ?» አለች። ጎረቤታቸው አያሌው በጉን ትቶ መጥቶ የደም ካሣው ስንት መሆን እንዳለበት ይከራከር ጀመር። ይድነቃቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ያዳምጣል፤ ግሪክ አገር ሳለ ስለዚች ስንኝ ስንት ሊቃውንት ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ነበር፣ አንዱም ግን ቦይ ጠልፎ አያውቅም። ራዊያ ብቻ ነበረች አባቷን የምታየው። ደሴ፣ ነጭ ጋዎን፣ የመድኃኒት መደርደሪያ በዐይኗ ይዞሩባታል። ፋርማሲን ጠላችው።

መንሱር ተነሣ። ጭቅጭቁ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄን ኪታብ በዩናንኛው እስከ ተቆረጠበት ድረስ የቀራ፣ በዚህ አገር ስንት ሰው አለ?»

ይድነቃቸው መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የማውቀው እኔና ራዊያ ነን። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ሙሉውን የቀራሁት ገና አሁን ከእሷ ጋር ነው።»

ሳቅ ሆነ። መንሱር አልሳቀም። «ከናንተ በኋላስ?»

«ከኛ በኋላ... መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ።»

«መደርደሪያ» አለ መንሱር። «የጠፋውም ጫፍ እኮ መደርደሪያ ላይ ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ድምፁ አስፋልት አልተሻገረም፤ ድንኳኑንም በቅጡ አልደረሰ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነው የሰማው። «ካላኸተምሽ ብዬሽ ነበር። ቃሌን አልረሳሁትም። ግን ያን ቃል የተናገርኩት ጫፉ እያለ ለሚተው ሰው ነው። ጫፉ እያለ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አንቺ መሬቱ እስካለቀበት ድረስ ሄደሻል። ፋርማሲ ይቅር።»

ራዊያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለቅሶም ሳቅም ነበር፤ የቱ እንደሚበዛ እሷም አታውቀው።

«አትቸኩይ፣ አልጨረስኩም» አለ መንሱር። «የቀረው ደግሞ እንዳይጠፋ ትሐፍዢዋለሽ። ዐሥራ ሁለቱንም። በልብሽ። እርስዎም ጭምር፣ መምህር።»

«እኔም?» አለ ይድነቃቸው።

«በጉን ሊበሉ አይደለም እንዴ የመጡት?»

ይድነቃቸው የዐሥራ ሁለቱን ክፍል ርዝመት አሰበና ላብ አጠመቀው። ራዊያም አሰበችው። ፋርማሲ አራት ዓመት ነው፤ ይሄ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ያንን እያወቀች ደስታዋ ደረቷን ሊሰነጥቀው ደረሰ።

«እንግዲህ ሰንጋው ለኸትም ነው ወይስ ለጅማሬ?» ብሎ ጠየቀ ቢላውን የያዘው ሰው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲስለው የነበረ ነውና ትዕግሥቱ አልቋል።

ሸኽ ታሂር ትራሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሏት። «መጽሐፉን ዝጊው። ትንሽ እንስማና ይታረዳል።»

ራዊያ መጽሐፉን ዘግታ ለእናቷ ሰጠች፤ ቢስሚላህ ብላ የመጀመሪያውን ክፍል ከልቧ ጀመረች። አንደኛው ስንኝ ሄደላት፣ ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈች። እዚያ ድንኳን ውስጥ ከመምህሯ በቀር አንዲት ቃል የሚያውቅላት አልነበረም፤ መደናቀፏን ግን ሁሉም ሰማው።

«ድገሚው» አሉ ሸኽ ታሂር።

ደገመችው።